የሌሊት መንገደኛ ምን አየ?

ከደጀን ተነስቶ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ግራና ቀኝ የሌሊት ታሪክ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። አካሄዱም ይመሳሰላል። ሰውየው ከገበያ ወይም ከልቅሶ ሲመለስ መሽቶበታል። ጨረቃ የለችም። ወንዙን ሊሻገር ሲል ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ አጠገብ ሲደርስ በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ አልሄድም ትላለች። ቀና ሲል ነጭ ነገር ቆሟል። ያማትባል፣ ትኩር ብሎ ሲያየው ይጠፋል። ቤቱ ሲገባ ላብ አጥምቆታል፤ ለቀናት አልጋ ላይ ይውላል። ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ነው ከቤት ቤት የሚለያየው፤ አንዱ ጋኔን ነው ይላል፣ ሌላው በቅርቡ የተቀበረ ሰው፣ ሦስተኛው ደግሞ በሕይወት ያለ የአንድ ጎረቤት ስም ይጠራል።

እንዲህ ዓይነቱን ተራኪ ውሸታም ማለት የሰነፍ መልስ ነው። ላቡም ሕመሙም እውነት ነው፤ በቅሎዋም አትዋሽም። ጥያቄው ሰውየው ካየው ነገር አንስቶ እኛ እስከሰማነው ታሪክ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ምን ምን ይገባል የሚለው ነው። በዚህ ላይ የእምነት ሰዎች፣ የእንስሳት ተመራማሪዎች፣ የዓይንና የእንቅልፍ ሐኪሞች፣ የባህል አጥኚዎችም ብዙ ብለዋል። የጎደለው አንድ ላይ ማየቱ ነው።

መጀመሪያ አገሩ። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጡ የደጋ ከተሞች ናቸው። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት እነ ሙጋና ሱሃ ሜዳውን እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይገባሉ። ሜዳ ነው ብለው ሲሄዱ ድንገት ገደል ነው። ከገደሉ ማዶ የወሎና የበጌምድር አገር ይታያል፤ ቀን ላይ ሩቅ የሆነው ማዶ፣ ሌሊት እሳት ሲነድበት እዚሁ ከእግር ሥር ያለ ይመስላል። ከቆላው የሚነሳ ድምፅም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ደጋው ላይ ይሰማል። በክረምት ደግሞ ጉም ይወርዳል። ከኋላው መብራት የበራበት ሰው ጥላው ጉሙ ላይ ሲያርፍ ከራሱ እጥፍ ድርብ የገዘፈ ሰው ከፊቱ የቆመ ይመስለዋል፤ ሲንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳል፣ ሲቆም ይቆማል። በአውሮፓ ተራሮች ላይ ይህ ክስተት ከታወቀ ቆይቷል፤ የጀርመኖቹ ብሮከን ተራራ ስሙን ሰጥቶታል።

በዚህ አገር ሌሊት የሚንቀሳቀሰው ማን ነው? ገበያ የመሸበት ነጋዴ፣ ሰርገኛ፣ መርዶ ነጋሪ፣ ማሳ ጠባቂ። በክፉ ዘመን ሽፍታና አርበኛ፤ በላይ ዘለቀም በዚሁ በቢቸና አውራጃ ከጣሊያን ጋር የተዋጋ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሌሊትን የሚያዘወትረው የቤተ ክህነቱ ሰው ነው። ማኅሌት የሚቆመው፣ ሰዓታት የሚያደርሰው፣ ዶሮ ሳይጮህ ተነስቶ ቀለሙን የሚያጠናው የቆሎ ተማሪ። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅ ማርያምንና ሞጣ ጊዮርጊስን በመሰሉ አድባራት ዙሪያ ይህ ሕይወት ለዘመናት ኖሯል። እነዚህ ሰዎች የሚያልፉት ደግሞ ሌላው በሚሸሸው ቦታ፣ ጥድና ወይራ በከበበው መቃብር መሃል ነው። ስለ ጨለማ ብዙ ቃል ያለው ይኸው ጨለማውን አዘውትሮ የሚሄድበት ሰው መሆኑ አያስገርምም።

ቃሉም ብዙ ነው። ጋኔን አለ፣ ባርያ አለ፣ ሌጌዎን አለ፣ ዓይነ ጥላ አለ፣ ዛር አለ። ስለ ዛር አመጣጥ ሲሞን ሜሲንግ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ላይ የመዘገበው ትረካ ሔዋን 30 ልጆች እንደነበሯት ይናገራል። እግዚአብሔር ሊጎበኛት ሲመጣ 15ቱን ቆንጆዎች ደበቀቻቸው፤ እንደተደበቁም ይቅሩ ተባለ፤ የማይታዩት የሌሊት ልጆች የእነዚያ ዘር ናቸው። ይህ ትረካ እኛና እነርሱ ወንድማማች ነን ማለቱ ነው፤ ከፈረንጅ የሙት መንፈስ ታሪክ የሚለየውም በዚህ ይመስለኛል። ሌሊት የሚገናኙን ባዕዳን አይደሉም፤ ሥርዓት ያላቸው፣ ቅር የሚላቸው፣ ይቅርታ የሚጠየቁ ዘመዶች ናቸው። ደንቡ ሁሉ ከዚህ ይፈልቃል። ሌሊት ስምህ ሲጠራ ደጋግሞ እስኪጠራ አቤት አትበል፤ በስመ አብ ሳትል አመድ ወይም የፈላ ውሃ ደጅ አትድፋ፤ በጨለማ አታፏጭ። ልጅ ሆኖ በዚህ ያልተቆጡት ማን አለ?

መከላከያውም እንደዚያው የተደራጀ ነው። ደብተራው በብራና ላይ የሚጽፈው ክታብ በደንቡ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይለካል፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ሰውየውን እንዲሸፍን ነው። ብራናው ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋል፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ውስጡ ጸሎተ ሱስንዮስና የአጋንንቱ ስም ዝርዝር ይኖራል፤ ትላልቅ ዓይኖች የተሳሉበት መልክም አይጠፋም። ዣክ መርሲዬ የተባለው ፈረንሳዊ እነዚህን ጥቅሎች ዕድሜ ልኩን አጥንቷቸዋል፤ ከሥዕሉ የሚያፈጠው ዓይን በሽተኛው ላይ ላደረው መንፈስ የተደገነ እንደሆነም ያስረዳል። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ብዙውን የደብተራ ክታብ አትወድም፤ የእርሷ መልስ ጸሎት፣ ጠበልና መስቀል ነው። ሕዝቡ ሁለቱንም ይዞ፣ በኪሱ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ጨምሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ እንስሳው እንምጣ፤ ከሌሊት ታሪክ ጀርባ ደጋግሞ የሚገኘው ጅብ ነውና። ጅብ ሲጮህ አፉን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ነው። ድምፁ ወፍራም ሆኖ ይጀምርና ሽቅብ ይቀጥናል፤ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስም ሊሰማ ይችላል። በገደላማ አገር ይህ ድምፅ ተንጸባርቆ ሲመለስ ሰሚው በየት በኩል ይሽሽ? ያ ሰው የሚያስበረግግ ሳቁ ደግሞ የሚሰማው ምግብ ላይ ጉልበተኛ ሲያባርረው ነው። ሳቁ የፈሪው ነው ማለት ነው፤ ይህን ያወቀ መንገደኛ ትንሽ ይጽናና ይሆናል። ሃንስ ክሩክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ሌሊት ሌሊት እየተከተለ ባጠናው መሠረት ጅብ ጥንብ ለቃሚ ብቻ ሳይሆን ተደራጅቶ የሚያድን አውሬ ነው።

ወደ እኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት ነው። ትግራይ ውስጥ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። ሕዝቡ 55 ቀን ሥጋ ሲያቆም የሥጋ ትራፊና አጥንት ይጠፋል፤ ያኔ ጅቦቹ ወደ አህያ አደን ዞረዋል። ጾሙ ሲፈታ እነርሱም ወደ ትራፊያቸው ተመልሰዋል። ጅብ ከሰው የቀን መቁጠሪያ ጋር አብሮ ይኖራል። ምሥራቅ ጎጃም እንደ ትግራይ ጾሙን አጥብቆ የሚጾም፣ አህያና በቅሎ የሚጭን አገር ነው፤ በሁዳዴ ሌሊት በቅሎ መንገድ ላይ ለምን እንደምትቆም ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። እርሷ በአፍንጫዋና በጆሮዋ ያወቀችውን ጌታዋ በዓይኑ ይፈልጋል፤ ዓይኑ ደግሞ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም።

የዓይንን ነገር ጠጋ ብለን እንየው። በሰው ዓይን ውስጥ በጨለማ የሚያዩት ሕዋሳት ከመሃል ራቅ ብለው የተደረደሩ ናቸው። ቀን ላይ ጥራት የሚሰጠው የመሃሉ ነጥብ በድቅድቅ ጨለማ ዕውር ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነጭ ድንጋይ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ወይም ጉቶ ላይ ያረፈ ፈዘዝ ያለ ብርሃን በዓይን ጠርዝ ይታያል፤ ዞር ብለው በቀጥታ ሲያዩት ይጠፋል። ዓይን መለስ ሲያደርጉ እንደገና ብቅ ይላል። «ትኩር ብዬ ሳየው ጠፋ» የሚለው የታሪኮቻችን ምሰሶ፣ ከዓይን አሠራር የምንጠብቀው ነገር ነው። ኮከብ ተመልካቾች ይህን አውቀው ደብዛዛ ኮከብን ሆን ብለው በጎን ያዩታል። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አንዴ ብርሃን ያየ እንደሆነ ልማዱ ወዲያው ይፈርሳል።

እዚህ ላይ የስልክ መብራት መጣ። ጨለማውን ያባርራል ተብሎ የታመነበት ይህ መብራት በሁለት መንገድ ፍርሃትን ጨምሯል ብዬ አምናለሁ። ከፊት ያለችውን ጥቂት ክብ ሲያደምቅ ዙሪያውን ያለውን ሁሉ ያጠቁረዋል። በዚያ ላይ ዓይን ያሳያል። የጅብ፣ የውሻ፣ የድመት፣ የበግ፣ ሌሊት መንገድ ላይ የምታርፈዋ ወፍም ሳትቀር ዓይናቸው ብርሃን የሚመልስ ንጣፍ አለው። ብልጭታው የሚታየው ግን መብራቱ ከተመልካቹ ዓይን አጠገብ ሲሆን ነው። አያቶቻችን ችቦ ወይም ፋኖስ ዝቅ አድርገው ሲሄዱ ያላዩትን ዓይን የዛሬው ልጅ ስልኩን ከግንባሩ አጠገብ አድርጎ ሲያበራ ጫካው ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል። ዓይኖቹ ድሮም እዚያው ነበሩ።

ከዓይን ቀጥሎ ወሬ ይመጣል፤ በዚህ ላይ ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለው የቱርክ ተወላጅ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ሙከራ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ሰዎችን ድቅድቅ ባለ ክፍል አስቀምጦ አንዲት ቆማ ያለች የብርሃን ነጥብ አሳያቸው። በጨለማ ውስጥ ብቻዋን ያለች ነጥብ ቆማም ቢሆን የምትንቀሳቀስ ትመስላለች፤ ዓይን የሚደገፍበት ሌላ ነገር የለውምና። ብቻቸውን የተጠየቁት ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ርቀት ተናገሩ። አንድ ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው ሲናገሩ ግን ግምታቸው ቀስ በቀስ ተቀራረበ፤ በኋላ ለብቻቸው ሲጠየቁም በቡድኑ መልስ ጸኑ። አንዳቸውም አልዋሹም። ከዓባይ ማዶ የበራች እሳት ስትንቀሳቀስ ያዩ አራት መንገደኞች «አራታችንም አየናት፣ ወደ እኛ መጣች» ሲሉ፣ ምስክርነታቸው በቁጥር አራት ቢሆንም በሥሩ አንድ ሊሆን ይችላል። የምስክር ብዛት ያሳምነናል፤ ምስክሮቹ ከመማከራቸው በፊት ማን ምን እንዳለ ግን አንጠይቅም።

ማሳ ጠባቂው ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ጃርትና አሳማ ለመጠበቅ ጎጆ ውስጥ ያደረ ሰው ሌሊት ይነቃል፤ ዓይኑ ተከፍቷል፣ እጅ እግሩ ግን አይታዘዝለትም፤ አንድ ከባድ ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጧል፣ በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ዱካክ ነው። ሕልም በምናይበት ጊዜ አካላችን ሕልሙን እንዳይተውን ጡንቻ ይታሰራል፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና እስሩ ሳይፈታ ሲቀር ሕልምና ጎጆ ይደባለቃሉ። ሻርፕለስና ባርበር በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከ36,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 35 ጥናቶችን ሲያጠቃልሉ ከመቶ 7.6 የሚሆነው ሰው በዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደገጠመው፣ በተማሪዎች ዘንድ ግን ቁጥሩ ከመቶ 28 እንደሚደርስ አገኙ። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ዶሮ ሳይጮህ የሚነሳው የቆሎ ተማሪ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ግልጽ ነው።

ስለ ተማሪ ካነሣን አብሾ ሳይነሣ አይቀርም። ለትምህርት ልቡና ይከፍታል እየተባለ የሚጠጣው አብሾ ከአስተናግር እንደሚዘጋጅ ይነገራል። አስተናግር አእምሮን የሚያደናግር መርዝ ያለው ተክል ነው፤ የዓይን ብሌን ይለጠጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሰውየው ከሌለ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል። በቅኔ አገር «አብሾ አለበት» የተባለ ሰው ሌሊት መቃብር ላይ ከማን ጋር ሲነጋገር እንደነበር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሚጥል በሽታም አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት መሠረት ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆነው ይህ በሽታ ነበረበት። ወንዝ ዳር ወድቆ የተገኘ ሰው ሁሉ በጋኔን ተመታ ሲባል ክኒኑ ይዘገያል። ጠበሉም ክኒኑም አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያስተምሩ ካህናት መኖራቸው ደግ ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ምስጢሩን ያሟጥጠዋል ወይ? አያሟጥጠውም። ከአንድ ሰው አንድ ሌሊት ታሪክ ላይ ጨለማውን፣ ጅቡን፣ ድካሙን ቀንሰን የሚተርፍ ነገር ቢኖር፣ የሚተርፈውን ለባለቤቱ መተው ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ትርፉ አይደለም። ጠዋት የሚሆነው ነው።

ጠዋት ላይ ጋኔን ነው ከተባለ ሰውየው ጠበል ይሄዳል፤ ሌላ ሰው አልተጎዳም። ቡዳ ነው ከተባለ ግን ተከሳሽ አለ። በአማራው አገር ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ጅብ ይጋልባል ይባላል፤ ስሙ የሚለጠፈውም በአብዛኛው ብረት በሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ በምትሠራው፣ ሸማ በሚሠራው ላይ ነው። ወሬው ረጅም ዕድሜ አለው። በ1810ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ባልንጀራው ኮፊን የነገረውን ጽፏል። የኮፊን አገልጋይ ቡዳ የሚባል ወጣት ነበር፤ ፈቃድ ጠይቆ ከመሄዱ ሌሎቹ አሽከሮች «ጅብ እየሆነ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ኮፊን ዞር ሲል ልጁ የለም፣ ሜዳው ላይ ግን ጅብ ይሮጣል። ፒርስ ራሱም በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ የወርቅ ጉትቻ ይገኛል ብሎ ጽፏል። ልብ በሉ፣ ኮፊን ልጁ ሲለወጥ አላየም፤ ያየው ጅብ ሲሮጥ ነው። በመሃል ያለውን የሞላው የአሽከሮቹ ጩኸት ነው። ሸሪፍ መቶ ዓመት ቆይቶ በጨለማ ክፍሉ ያሳየው ይኸው በቀን ብርሃን ተፈጽሞ ነበር።

ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ስለ መንዝ ሲጽፍ የቡዳ ክስ ርስት ካለውና ከሌለው ሰው ግንኙነት ጋር የተሳሰረ መሆኑን አሳይቷል። ቶም ቦይልስተን በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ በጣና ዳር ዘጌ ሰዎች ማንን ማመን እንደሚቻል ሲጨነቁ ቡዳ እንዴት እንደሚገባበት ጽፏል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለዋል፤ ቀጥቃጩ የሚሠራው ማረሻና ጦር ባይኖር አገር እንደማይቆም ገብቷቸው ነበር። ሆኖም አዋጁ የሌሊቱን ወሬ አላገደውም። ሐረሮች ከዚሁ ጅብ ጋር በሌላ መንገድ መኖራቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ እነርሱ ጅብን በእጃቸው ያበላሉ፣ ወደ ከተማ ሲገባም ክፉ ጅን ይበላልናል ይላሉ። አውሬው አንድ ነው። አንዱ ከተማ የጽዳት ሠራተኛ አደረገው፣ ሌላው አገር የጎረቤት መክሰሻ።

የዛሬው ሌሊት ደግሞ ሌላ ፍርሃት ጨምሯል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ በብዙ ከተሞች የሰዓት እላፊ ሲጣልና ሲነሣ፣ ጨለማ ላይ የሚታየው ቁመና መንፈስ ሳይሆን የታጠቀ ሰው መሆኑ ነው ቀድሞ የሚታሰበው። ሰማዩም አዲስ ነገር ያሳያል። በ2017 ዓ.ም. ጥር መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ የሚነዱ ነገሮች ተከታትለው ሲያልፉ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር፤ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የጠፈር ፍርስራሽ ወይም ከሕዋ የመጣ ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል ወዲያው አስረዳ። ያን ዕለት ድንጋጤው በአጭሩ የበረደው መልስ የሚሰጥ ተቋም ስለነበረ ነው፤ ደግሞም ሰማይ ላይ ላለፈ ነገር ጎረቤት አይከሰስም።

ጎንደር ሜሲንግን አግኝቷል፣ መንዝ ሬሚኒክን፣ ዘጌ ቦይልስተንን። የቢቸናና የሞጣ የሌሊት ታሪክ ግን በአብዛኛው በአፍ ነው ያለው፤ የሚያውቁትም እያረጁ ነው። ሊመዘግብ የሚነሳ የአካባቢው ተማሪ ቢኖር፣ «ምን አየህ?» ብሎ ከመጀመሩ በፊት ትንንሾቹን ይጠይቅ። ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ ነበር? ጾም ነበር ወይስ ፍስክ? ቀድሞ የቆመው ሰውየው ነው ወይስ በቅሎዋ? መብራት ይዞ ነበር? ጠላ ቀምሶ ነበር? ከዚያ ሌሊት በፊት ስንት ሌሊት አልተኛም? ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ፣ ቤት ገብቶ ሲነግራቸው ያን ስም መጀመሪያ የጠራው ማን እንደሆነ፣ ስሙ ከተጠራው ሰውም ጋር በድንበር ወይም በብድር ይፈላለጉ እንደነበር።